በጥር ውኃው የሚሄድበት

እኔ የማጠናው ጄሊፊሽና ዘመዶቹን ነው። አጥንትም አንጎልም የላቸውም፤ ሰውነታቸው ከሞላ ጎደል ውኃ ነው። ዣንጥላ የሚመስል አለ፤ በሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ ትንሽ በርሜል የሚመስል አለ፤ አንዱ ከአንዱ ተያይዞ እንደ ዶቃ ረዥም ሰንሰለት የሚሠራም አለ። የእኔ ሥራ የትኛው ዓይነት ቀይ ባሕር ውስጥ የት እንደሚገኝ መለየት ነው። ብዙዎቹ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል በደቡብ ጅቡቲ አጠገብ ባለው ጠባብ የባሕር በር ከውኃው ጋር ይገባሉ፤ ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር ጨዉ እየበረታ የዓይነታቸው ብዛት ይቀንሳል። የውኃን ኃይል ተቋቁመው መዋኘት አይችሉም። ስለዚህ የውኃውን መንገድ ያወቀ የእነሱንም መንገድ ያውቃል።

ይህን ሁሉ ነቀምቴ ላለው አባቴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን ለሰው ሲናገር «ልጄ ባሕር ነው የምታጠናው» ብሎ ያሳጥረዋል። ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ለፋሲካ ቤት በሄድኩ ቁጥር ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቹ ፊት አስቀምጦኝ ፎቶ እንዳሳይ ያደርገኛል። እኔም ደስ እያለኝ አሳያለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት አንዲት ሴትዮ ቅርባችን ካለችው ከዲጋ መጡ። እኔ አላውቃቸውም፤ አባቴ ግን በቤተ ክርስቲያን በኩል በመልክ ያውቃቸው ነበር። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው አልለበሱም፤ ፊታቸውም የተለየ ነገር አይናገርም። በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ተለዋወጥን፤ የቤቱን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ነገር ተጠያየቅን። ከዚያ ባሕር ታውቃለች የሚሏት ልጅ እኔ መሆኔን ጠየቁ። አባቴ እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉን የመጡ መሰለው። ወንበሩን ወደሳቸው አስጠግቶ ስልኬን እንዳወጣ ነገረኝ።

መጀመሪያ የወጣው ፎቶ ጀልባ ላይ የተነሣሁት ነበር። ብርቱካንማ ጃኬት ለብሻለሁ። በሁለት እጄ ጄሊፊሽ ያለበት የመስተዋት ዕቃ ይዣለሁ፤ ጥርሴ እስኪታይ እስቃለሁ። ሴትየዋ ስልኩን ተቀብለው ጄሊፊሹን ሳይሆን ጃኬቱን በጣታቸው ነኩና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ እንዳይሰምጥ የሚለበስ ነው አልኳቸው። ኮራ ብዬ ነው የነገርኳቸው።

«ለልጄ ይኼን አልሰጡትም» አሉ።

አባቴ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። እሳቸው ድምፃቸውን ሳይለውጡ ነገሩን። ልጃቸው ዲጋ ላይ የሰው ባጃጅ ይነዳ ነበር። ሳዑዲ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ፤ ከጅቡቲ ዳርቻ ከብዙ ሰው ጋር ጀልባ ላይ ተሳፈረ። ከጥቂት ቀን በኋላ የተረፈ ጓደኛው ደውሎ ጀልባዋ መገልበጧን፣ ልጃቸውን ባዶ ጀሪካን ይዞ ሲንሳፈፍ ማየቱን፣ ከዚያ ማዕበሉ እንደለያያቸው ነገራቸው። ዘመድ ለቅሶ እንቀመጥ ሲል እሳቸው እምቢ አሉ። ሬሳ አላየሁም፣ የምን ለቅሶ አሉ።

ስልኩ አሁንም እጃቸው ላይ ነበር፤ እኔም እዚያው ፎቶ ላይ እስቃለሁ። ያንን ጠባብ በር ደጋግሜ ተመላልሼበታለሁ። ናሙና ያወጣንባቸው ቀኖች ለእኔ የሕይወቴ ጥሩ ቀኖች ነበሩ። ስልኩን ከእጃቸው ልወስደው ፈለግኩ፤ መንጠቅ እንዳይመስል ብዬ ተውኩት።

እነዚህ ፍጥረታት ሰው ይበሉ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይበሉም አልኳቸው፤ የሚበሉት የዓሣ እንቁላልና በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ። ለአባቴም የምነግረው በአማርኛ ነበርና በአፋን ኦሮሞ ስለ ሥራዬ እንዲህ አውርቼ ስለማላውቅ ቃል እየጠፋኝ ተንተባተብኩ። እሳቸው በትዕግሥት ጠበቁኝ። ከዚያ የመጡበትን ጠየቁ።

«ውኃው የወሰደውን ወዴት ነው የሚያደርሰው?»

«በየትኛው ወር?» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ፊቴ ጋለ። ለሥራ ባልደረባዬ የምመልሰውን ነው የመለስኩላቸው። እሳቸው ግን አልተቀየሙም።

«በጥር» አሉ።

በጥር የላይኛው ውኃ በዚያ በር ገብቶ ወደ ሰሜን እንደሚነዳ አውቃለሁ። ካርታ ሠርቼበታለሁ፤ የውኃውን አቅጣጫ የሚያሳዩትን ቀስቶች በሰማያዊ ቀለም የሣልኩት እኔ ነኝ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። «ወደ ሰሜን» አልኳቸው። ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ሲጠይቁ አባቴ በእጁ ወደ ጊዳ አያና አቅጣጫ አሳያቸው። ዞረው የሳሎናችንን ግድግዳ አዩ።

«እዚያ ዳርቻው ላይ ሰው ይኖራል?»

«ይኖራል።»

«የወደቀ ሰው ካገኙ ይቀብራሉ?»

«ይቀብራሉ» አልኩ። ይህን ግን አላውቅም ነበር። ስለ ዳርቻው ሰዎች አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም፤ መረባችንን ጥለን፣ አውጥተን፣ ተመልሰን እንሄድ ነበር። ሴትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ስልኩን መለሱልኝ፣ ምሳ አልጠብቅም ብለው ሄዱ።

በዚያው ሳምንት ዲጋ ላይ ለልጃቸው የለቅሶ ድንኳን መተከሉን ሰማን። አባቴ እንሂድ አለኝ፤ እኔ ብቀር ደስ ባለኝ ነበር። በሚኒባስ ሄድን።

ድንኳኑ ውስጥ ዘማሪዎች ቀስ ብለው ይዘምራሉ። እኛ ስንገባ ሰው ተጠጋግቶ ቦታ ለቀቀልን። የልጁ አጎት ተነሥቶ የውኃውን መንገድ የነገረቻቸው እኔ መሆኔን ለተሰበሰበው ሰው ተናገረ፤ ልጃችን ያለበትን አወቅን፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ አለኝ። ሽማግሌዎች በተራ እጄን ጨበጡ። እኔ ማንንም አላገኘሁም፤ ቀስቶች ብቻ ነው የሣልኩት። ይህን ተነሥቼ ብናገር ለቅሶአቸውን ማፍረስ ይሆንብኛል፤ ዝም ብል ደግሞ ያልሠራሁት ነገር ምስጋና እቀበላለሁ። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

ሰው ቀለል ሲል እናትየው አጠገብ ሄጄ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ውኃው ወዴት እንደሚሄድ እንጂ እሱ የት እንዳለ አላውቅም፤ ይቀብራሉ ያልኩዎትንም ሳላውቅ ነው አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «መሞቱንማ ከጥር ጀምሮ አውቃለሁ። አንድ ሰው አብሮኝ እንዲለው ነው የፈለግኩት።»

እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ጎረቤቶቻቸው ዳቦ አመጡ፤ ለእኔ የደረሰኝ ከሁሉም የተለቀ ነበር። ይህን ለክብሬ እንዳደረጉት ስለገባኝ መመለስ አልቻልኩም። ሰዎቹ እያዩኝ ቀስ ብዬ ጨረስኩት።