ሃምሳ ሰባት ሚሊሜትር

የስታኞ፣ የዚያ የሬዲዮ ሽቦ የሚበየድበት እርሳስ፣ ሽታ፣ ያውም በኤሌክትሪክ መበየጃ ሳይሆን በከሰል እሳት በጋለ ምስማር ሲቀልጥ የሚወጣው ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ፣ ዛሬም ድንገት ሲያጋጥመኝ ይዞብኝ የሚመጣው አባቴን ነው፤ ከጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ትንሿን ሬዲዮ ቀኝ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዐይኑን እንደ ጨፈነ።

ጊዜው የደርግ ነበር። አባቴ ባሕር ዳር ውስጥ በፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ ይሠራ ነበር። እዚያ ክፍል ከማሽኖቹ ጩኸት የተነሣ ሰው ከሰው የሚግባባው በከንፈርና በእጅ ስለ ነበር የሽመና ሠራተኛ ቤቱ ገብቶም ይጮኻል፤ አባቴ እናቴን «ውኃ ስጪኝ» ሲላት ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ በአጥሩ በኩል «እኔ ላምጣልህ ወይ?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ጆሮው መክበዱን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ይሁን እንጂ ከሚጠብቃቸው ማሽኖች አንዱ ዜማውን ሲስት፣ ክሩ ሳይበጠስ ቀድሞ ሰምቶ እጁን ይሰድድ ስለ ነበር፣ ባልደረቦቹ «መሪጌታ» ብለው ሰይመውት ነበር፤ በዚህ ስም ሲጠሩት ደስ ማለቱን ሊደብቅ ይሞክር ነበር፣ ግን አይሆንለትም።

እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከሰው ይልቅ ከዕቃ ጋር የምውል ልጅ ነበርሁ። ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ ይኖር የነበረ የፖሊቴክኒክ ተማሪ ከአሮጌ የሩስያ መጽሔት የተቀደደ አንድ ገጽ ሰጠኝ፤ ቋንቋውን አላውቀውም፣ ሥዕሉን ግን በቃሌ እስክይዘው አጠናሁት፤ በሁለት ትራንዚስተር የሚሠራ ሬዲዮ ነበር። ሌላውን ዕቃ ሁሉ ከተጣሉ ሰሌዳዎች እየነቀልሁ አጠራቅሜ፣ ሮዝ ቀለም ባላት የፕላስቲክ የሳሙና ዕቃ ውስጥ አስገባሁት። የጎደለኝ ስፒከር ብቻ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ያለውን በጋ በፍለጋ አሳለፍሁ። ከተማው ስፒከር አጥቶ አልነበረም፤ የቀበሌያችን ጡሩምባ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ስብሰባ ሲጠራ ሐይቁ ላይ ያለ ታንኳ ቀዛፊ ሳይቀር ይሰማው ነበር። እኔ የምፈልገው ግን በሳሙና ዕቃዬ ውስጥ የሚገባ፣ ከዳር እስከ ዳር ሃምሳ ሰባት ሚሊሜትር የሆነ፣ ከኋላው «ስምንት ኦም» የሚል ምልክት ያለበት ነበር። ገበያው ዳር ሬዲዮ የሚጠግኑትን ጋሽ ይመርን በየሳምንቱ እየሄድሁ እጠይቃቸው ነበር።

«ስማ ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «አንተ ትንሽ ስፒከር እንድታገኝ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ መሞት አለባት። የእኛ ሰው ደግሞ ሬዲዮው ብትሞትበትም አይቀብራትም፤ ዳንቴል አልብሶ ቡፌ ላይ ያስቀምጣታል።»

በመጨረሻ ከአክስቴ ጋር ሐሙሲት ገበያ ሄጄ፣ የተሰበረ ሰዓትና የዛገ ቁልፍ ከሚሸጥ ሰው መደብ ላይ አንድ አገኘሁ። ልኩ ትክክል ነበር፤ ድምፅ የሚያወጣው ወረቀቱ ግን ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ተቀድዷል። በግራር ሙጫና በሲጋራ ወረቀት ደፈንሁት፤ ድምፁ ጋቢ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ሆነብኝ።

ዐቢይ ጾም ላይ፣ አባቴ ሥራ ሳለ፣ የእሱን ሬዲዮ ከቆዳ ልብሷ አውጥቼ ከፈትኋት። ልለካ ብቻ ነበር። ሃምሳ ሰባት ሆነ። ያን ጊዜ ያሰብሁትን አሳምሬ አስታውሳለሁ፣ ከሥራዬ ይልቅ የሚያሳፍረኝም ሐሳቤ ነው፤ ጆሮው እንደሆነ ከባድ ነው፣ አይለየውም አልሁ። ምስማሬን አግዬ ደህናውን ነቀልሁ፣ የተለጠፈውን በቦታው በየድሁ፣ ብሎኖቹን እያንዳንዳቸውን በወጡበት ቀዳዳ መለስሁ፤ ማንም ቢያያት እጅ የነካት አትመስልም ነበር።

የሳሙና ዕቃዬ በማግሥቱ ተናገረች። ደስታዬ ግን ሳምንት አልሞላውም። አባቴ ከማንጎው ሥር ሬዲዮዋን ከቀኝ ጆሮው ወደ ግራው፣ ከግራው ወደ ቀኙ ሲያዛውር አየሁት። መጀመሪያ አዲስ ባትሪ ድንጋይ ገዛላት። ቀጥሎ ጆሮውን በዶሮ ላባ ጠረገ። ከዚያ ጠራኝ።

«አንተ ዕቃ ታውቃለህ» አለኝ፣ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኽ። «እውነቱን ንገረኝ፤ ሬዲዮዋ ናት ወይስ ጆሮዬ?»

ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ አስጠጋኋት። ጋቢ የተከናነበው ሰው ዜና ያነባል።

«ደህና ትናገራለች፣ አባባ» አልሁ።

«ትናገራለች?»

«ጥርት ብሎ ይሰማኛል።»

ራሱን ነቀነቀና ከእጄ ተቀብሎ፣ የቆዳ ልብሷን ቀስ ብሎ ቆለፈላት።

ክረምቱ ሲገባ አባቴ ቤት ውስጥ መጮኹን ተወ። ሰኔ ውስጥ ማንም ሳይጠይቀው አለቃው ዘንድ ሄዶ፣ ጆሮዬ ከድቶኛል፣ በእኔ ጥፋት ጨርቅ አይበላሽ ብሎ፣ ወደ መጋዘን እንዲያዛውሩት ለመነ።

«ሰው ሳይፈርድብህ አንተ በራስህ ትፈርዳለህ?» አለችው እናቴ።

«መሪጌታ ዜማ ከጠፋበት ማሕሌቱን ለሌላ ይለቃል እንጂ ሕዝብ አያሳስትም» አላት።

እኔ ጠረጴዛው ጥግ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አላወጣሁትም።

እናቴ ግን እጅ አልሰጠችም። ጳጉሜን ሲገባ፣ በእነዚያ ቀኖች ውኃ ሁሉ ጠበል ነው ቢባልም፣ እሷ ሐይቁ ዳር ካለችው ቤተ ክርስቲያን ጠበል ሌላ አላምንም ብላ፣ በየጠዋቱ በዝናቡ ይዛው እየሄደች አስጠመቀችው፤ ጆሮው ቢመለስለት በየዓመቱ ጥላ ላስገባ ብላም ተሳለች። በአራተኛው ጠዋት፣ እነሱ እንደ ወጡ፣ የሳሙና ዕቃዬን ከፍቼ ስፒከሩን ነቀልሁና አባቴ ሬዲዮ ውስጥ ወደ ቦታው መለስሁት። ጥፋቴን ያረምሁ መስሎኝ ነበር።

በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ከምሳ በኋላ፣ እናቴ ሬዲዮዋን አምጥታ ጭኑ ላይ አኖረችለት። እንቢ አለ፤ ግድ አለችው። ከፈተና ጆሮው ላይ አደረጋት። ግቢው እስኪናወጥ ጮኸ፤ «ሰማሁ! አንቺ ሴት፣ ሰማሁ!» እናቴ መሬት ተደፍታ ሳመች፣ እልል አለች፤ እትዬ ጥሩዬም በአጥሩ ማዶ እልልታውን ተቀበሉ። አባቴ እኔን አቅፎ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስሁ፣ ሁሉም የደስታ መሰላቸው።

በዚያው መስከረም ወደ ማሽኖቹ ልመለስ ብሎ ጠየቀ። ቦታው ለአንድ ወጣት ተሰጥቶ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መጋዘን ውስጥ የጨርቅ ጣቃ ሲደረድር ኖረ፤ ከዚያ በኋላ መሪጌታ ብሎ የጠራው ሰው አልሰማሁም።

ዛሬ እኔም ማንም ሳያስተምረኝ በለመድሁት ሙያ ስልክ እጠግናለሁ። ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጡ ስፒከሮች በጣሳ ሙሉ አሉኝ፤ ልጅ ከጠየቀኝ እፍኝ ሙሉ ዘግኜ እሰጣለሁ። እናቴ በየዓመቱ ጥላዋን ታስገባለች፤ ሄጄ መርጬ የምገዛላት እኔ ነኝ። ጠበሉ አይፈውስም ለማለት አፌን አልከፍትም፤ የማውቀው ያን ዓመት ያልታመመ ጆሮ መጠመቁን ብቻ ነው።

የአባቴ ጆሮ አሁን በእርጅና የእውነት ተደፍኗል። ባለፈው ክረምት ከማንጎው ሥር አጠገቡ ተቀምጬ፣ አፌን ቀኝ ጆሮው ላይ ለጥፌ፣ «ሬዲዮዋ ነበረች፣ አባባ፤ ጆሮህ አልነበረም» አልሁት። ደገምሁለት። ጮኼ ደገምሁለት። ከንፈሬን አይቶ ፈገግ አለና፣ እንደ ድሮው ለጎረቤት በሚሰማ ድምፅ፣ «አዎ ልጄ፣ ጠበሏ ነበረች!» አለኝ።

ያን ዕለት፣ ሬዲዮዋን አቀብሎኝ ሲጠይቀኝ፣ በሹክሹክታ እንኳ ብነግረው ኖሮ አባቴ ይሰማኝ ነበር።