ዘጠኝ ቁጥር

ካውያ የናይሎን ማልያ ሲነካ የሚወጣው ሽታ ሁልጊዜ ወደ ልጅነቴ፣ ወልቂጤ ወዳለው የአባዬ ልብስ ስፌት ቤት ይመልሰኛል።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ከእኛ ልጆች ጋር ሊጫወት የመጣው የቡታጅራ ቡድን አምበል ማልያዎች ታቅፎ ገባ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ። በፈላ ውሃ አጥበውት ቁጥሩ ሁሉ ተላጠ። ጨዋታው ደግሞ ከሰዓት ነው።»

አባዬ ሳያንገራግር ቁጥር መቁረጥ ጀመረ። ዘጠኝ ቁጥርን እኔ በመርፌ እንድሰፋው ሰጠኝ። ሜዳ ላይ ተገንጥሎ እንዲያሳፍራቸው ብዬ ሆን ብዬ አላልቼ ሰፋሁት።

አባዬ በጣቱ ሳብ ሲያደርገው እጁ ላይ ቀረ። አልተቆጣኝም። የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ደርቦ ሰፋው።

«አሳምረን ካላለበስናቸው፣ ማንን አሸነፍን ልንል ነው?» አለኝ። አልገባኝም።

ሦስት ለባዶ አሸነፍን። ሰፈሩ በሙሉ ሜዳ ገብቶ ሲጨፍር፣ አባዬ ግን አንገቱን አቀርቅሮ ከሜዳ የሚወጣውን የቡታጅራ ልጅ ጀርባ በጣቱ አሳየኝ። «አየሽው? ዘጠኙ ንቅንቅ አላለም!» አለ፣ ጎል ያገባ ይመስል ደረቱን ነፍቶ።

አሁን መኪናው የእኔ ነው። ትናንት ቡታጅራዎችን አራት ለአንድ ሸኘናቸው፤ ስጮህ ውዬ ድምፄ ተዘግቷል። ዛሬ የእኛን ማልያ ስተኩስ ብቻዬን እስቃለሁ። የእነሱን አንዲት ጎል ያገባው ዘጠኝ ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ከሜዳው ማዶ ሆኜም ጥርት ብሎ ይነበበኝ ነበር።