ከምርቃቱ በፊት የቀረው ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ አዳራሽ ተቀምጬ ስለ አገሪቱ የአየር ንብረት ዕቅድ ሲነገር ስሰማ ዋልሁ። በመጨረሻ ሰብሳቢው «ሕዝቡ በሙሉ ልብ ተቀብሎታል» ሲል፣ ከፊት ወንበር ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ሊመርቁ ብድግ አሉ። አባቴን ከእርሻው ያስወጣው እንዲህ ያለ ምርቃት ነው።

ሚሊኒየሙን ባከበርን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነበር። ማርቆስ ኮሌጅ እማር ነበር፤ ችግኝ የሚተክል የወጣቶች ማኅበር አባልም ነበርሁ። አገራችን ከጉንደ ወይን ፈቀቅ ያለ ቀበሌ ነው። አባቴ የነበረው አንድ በሬ ብቻ ነው፤ ቦራ። ጎረቤታችን አያ ይስማውም እንዲሁ አንድ። ሁለቱ መቀናጆ ነበሩ፤ በሬዎቻቸውን አጣምረው አንድ ቀን የእኛን፣ አንድ ቀን የእነሱን ያርሳሉ። ሰኔ ገብቶ ማሳው ሁሉ ሲዘራ ደግሞ የቀበሌው ከብት መዋያ አንድ ኮረብታ ብቻ ነበር።

ኮረብታው «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» ሆኖ ዛፍ እንደሚለብስ ሊነግረን ከላይ አንድ ባለሙያ የመጣው በዚያው ሰኔ ነው። መኪናውን ጭቃ ይዞበት በእግሩ ደረሰ። ትሑት ሰው ነበር፣ አልዋሽም። ትኩስ ድንች በዳጣ አበላነው። ዛፍ የጠላ ሰውም አልነበረም፤ ቦረቦሩ ማሳችንን ሲበላው እያየን ማን ይጠላል? እድራችን ግን አስቀድሞ መክሮ ነበር፤ ግማሹ ዘንድሮ ይዘጋ፣ ግማሹ ይቆይ፣ በፈረቃ ይሁን ብሎ። እንዲናገር የተመረጠው አባቴ ነው።

«ሁሉም ይዘጋ ካላችሁ፣ ክረምቱን ከብቱ የት ይዋል?» አለ ቆሞ።

ባለሙያው ጥሩ ጥያቄ መሆኑን፣ በኋላ እንደሚመለስበት ነገረው። ከዚያ ደመናው ጠቆረና እንግዳው መንገዱን ፈርቶ ቸኮለ። እኛ አገር ደግሞ እንግዳ ሳይመረቅ አይሸኝም። የደብራችን መሪጌታ ተነሥተው «ዝናቡን በወቅቱ፣ ከብቱን በበረቱ ያድርግልን፤ የመጣህበትን ያሳካልህ» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማኝ የአባቴ ድምፅ ነው። ባለሙያው እንግዲህ በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል ብሎ፣ አመስግኖን ወረደ።

ወደ ቤት ስንመለስ ለምን አሜን እንዳለ በቁጣ ጠየቅሁት።

«ምርቃት እምቢ ይባላል እንዴ፣ አንቺ ልጅ?» አለኝ።

ሐምሌ ላይ ኮረብታው ዘበኛ ቆመበት። ቦራ ጓሮ ታስሮ ገለባ ሲያላምጥ ሰነበተ፤ ገለባውም አለቀ። ጎድኑ ወጣ። ኮረብታው ላይ ሳሩ ጉልበት ድረስ አድጎ ከደጃችን ይታያል፤ በሬው እሱን እያየ ይጮሃል። ዛሬም የሚያቃጥለኝ ያ ጩኸት ነው። የማኅበራችንን ልጆች ይዤ ወረዳ ሄድሁ። አንድ ሹም በጥሞና ሰማን፤ ሻይም አስመጣልን።

«እናንተ የተመዘገባችሁት ችግኝ ልትተክሉ ነው» አለ። «መብት ምናምን የሚባለው የእናንተ ሥራ አይደለም።»

ብንገፋበት ማኅበሩ እንደሚዘጋ ሳይነግረን ገባን። በዚያ ጭቃ እያለቀስሁ ተመለስሁ።

ነሐሴ ላይ ቦራ ወደቀ። በአጣና ደግፈን አነሣነው፤ መልሶ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። አያ ይስማው ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው መጥቶ ከአባቴ ጎን ተቀመጠ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለ። መቀናጆው ፈረሰ። በዓመቱ አባቴ ገና ጉልበት እያለው መሬቱን ምርቱን በእኩል ሊካፈል ለሌላ አራሽ ሰጠ። ሰው ማሳውን ሲያርስለት ደጁ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። ብዙም አልቆየልኝ።

ኮረብታው ዛሬ ለምልሟል። ምንጩም ጠንክሯል፤ ይህን ብክድ ኃጢአት ይሆንብኛል። ፎቶውን በየስብሰባው ያሳዩታል፤ ባለፈው ሳምንትም አሳዩት። ፎቶው ላይ ሰው የለም።

ሽማግሌው አፋቸውን ሳይከፍቱ እጄን አወጣሁ። ከምርቃቱ በፊት ጥያቄ አለኝ ብዬ የአባቴን ጥያቄ ቃል በቃል ደገምሁት። ሰብሳቢው ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሰዓቱ ስለሄደ በሌላ መድረክ እንመለስበታለን አለኝ። ሽማግሌውም ዝናቡን በወቅቱ፣ ከብቱን በበረቱ ብለው መረቁ። አዳራሹ በሙሉ አሜን አለ። እኔ አፌን ላልከፍት ቆርጬ ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ ወደ እኔ አዩ።

አሜን አልሁ።