ሁለት ሚሊ ሜትር

በዶርም ጓደኛዬ ሁሉ ነገር እቀና ነበር፤ ከሁሉ በላይ የሚያበግነኝ ግን እንቅልፏ ነው። እኔ የዴራ ልጅ ነኝ፣ የቆላ ሰው። አሰላ ለትምህርት ከመጣሁ ጀምሮ ሁለት ብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ደርቤ ላይኛው አልጋ ላይ ስንቀጠቀጥ፣ እሷ ከታች በአንዲት ብርድ ልብስ ለጥ ብላ ታድራለች። ጠዋት ያለ ማንቂያ ትነሳለች። ያንን ጥርስ የሚያረግፍ የቧንቧ ውሃ ፊቷ ላይ ትረጨውና ትስቃለች። ያደገችው በቆጂ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ትሮጫለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃታል፤ እሷ ግን የካፌው በር ሊዘጋ ሲል እንኳ አትሮጥም። ቀስ ብላ ሄዳ ትደርሳለች። ሮጬ የምዘገየው እኔ ነኝ።

ግቢያችን ትንሽ ነው፤ ከኢንጂነሪንግ ሌላ እምብዛም ነገር የለውም። ሁለታችንም የሲቪል ተማሪዎች ነበርን፣ ሦስተኛ ዓመት፣ በክፍሉ ካሉት አራት ሴቶች ሁለቱ። አራት ሴት ባለበት ክፍል ማወዳደር ቀላል ነው። ውጤት ሲለጠፍ ሰው መጀመሪያ የሷን ይፈልጋል፤ የኔን ካስታወሰ ያያል፣ ካላስታወሰ ይሄዳል።

ቀለሜ ብቻ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ቀለሜን መናቅ ይቻላላ። እሷ ግን ተወዳጅም ናት። የኔ አባት በመንግሥት ሥራ ዴራ ተመድቦ የመጣ ጸሐፊ ነው፤ ኦሮምኛዬ ገበያ ያደርሰኛል እንጂ ጨዋታ አያስይዘኝም። እሷ ከዘበኛውም፣ ከወጥ ቤት ሴቶቹም፣ ከዕቃ ክፍሉ ሽማግሌም ጋር በኦሮምኛ ትቀልዳለች። ዕቃ ክፍሉ መታወቂያችንን አስይዘን የመለኪያ መሣሪያ የምንወስድበት ነው። መሣሪያው ከሚቆምባቸው ባለ ሦስት እግር ትራይፖዶች ውስጥ እግሩ የማይንሸራተት አንድ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ያንን ከበሩ ኋላ ደብቀው ለሷ ያስቀምጡላታል። ሌላ የለም ወይ አባባ ስላቸው የለም ልጄ ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ከትከሻቸው ኋላ ቁልጭ ብሎ እየታየኝ። አንጀቴ እርር ድብን ይላል። እናቴ በስልክ ስነግራት፣ ተይ ልጄ፣ ቅናት አጥንት ያነቅዛል ትለኛለች። አጥንቴን ብርዱ ጨርሶታል፣ ነቀዙ ምን ያገኛል እላለሁ በሆዴ።

በሚያዝያ ሰርቬይንግ፣ ማለትም የመሬት ልኬት፣ የሚያስተምሩን መምህር አንድ ወሬ ይዘው መጡ። ለክረምቱ የሥራ ልምምድ፣ እኛ አፓረንት ለምንለው፣ አቦምሳ አካባቢ መንገድ የሚሠራ ድርጅት ዘንድ አንድ ቦታ አግኝተዋል። አንድ ብቻ። ሌሎቻችን የተገኘው ቢሮ ገብተን ፎቶ ኮፒ ስናነሳ እንከርማለን፤ አቦምሳ የሄደ ግን እውነተኛ መንገድ ይለካል። ካቻምና የሄደው ልጅ ሲመረቅ እዚያው ተቀጥሮ ቀርቷል። መምህሩ ቦታውን የምሰጠው በመስክ ሥራው የተሻለ ለዘጋ ተማሪ ነው አሉ። ለሥራው ብዬ ፈልጌው ነበር፣ አልዋሽም። የበለጠ የፈለግኩት ግን እሷ እንዳትሄድ ነው።

መዝጋት የሚባለው እንዲህ ነው። ከፍታው ከታወቀ ምልክት ይነሳል፤ የኛ ምልክት በግቢው በር አጠገብ ያለች የሲሚንቶ ድንጋይ ናት። ሁለት ሁለት ሆነን አንዱ መሣሪያውን ትራይፖድ ላይ ተክሎ ያነባል፣ ሌላው ቁጥር የተጻፈበትን ዘንግ ይዞ ይቆማል። እንዲህ እየተከልን እየነቀልን እስከ ውሃ ማማው እንወጣና በሴቶች ዶርም ጀርባ ዞረን ድንጋይዋ ጋ እንመለሳለን። ተደምሮ ተቀንሶ የተነሳንበት ከፍታ ላይ መድረስ አለብን። ሰው ነንና ጥቂት ሚሊ ሜትር እንስታለን፤ ትንሽ የሳተ እሱ በደንብ ዘጋ ይባላል።

በዕለቱ እኔና ዘንግ ያዥዬ ከፊት ነበርን፤ እሷና ጓደኛዋ ከኋላችን ይከተላሉ። ሌሊቱን ዘንቦ መሬቱ ርሷል። ማማው ጋ ደርሰን ስንመለስ ከጭላሎ ተራራ በኩል ጉም ወረደ። የዘንጉ ቁጥር ይቅርና ዘንጉን የያዘው ልጅ ራሱ አይታይም። ልጁ ሆዱን የሚወድ ነው፤ ምሳ ሊያልቅ ነው እያለ በጉሙ ውስጥ ይነዘንዘኛል። የቀሩን ሦስት ነጥቦች ናቸው፣ ሦስቱም ከዶርሙ ጀርባ። በየሳምንቱ ልብስ የማሰጣበት መሬት አይደል፣ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ አልኩና መሣሪያውን አሸግኩ። ክፍሌ ገብቼ፣ ብርድ ልብሴ ውስጥ ተጠቅልዬ፣ ከድንጋይዋ የታወቀ ከፍታ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ሦስቱን ከፍታ ፈጠርኳቸው። ይህን ዳታ ማብሰል እንለዋለን። አዲስ ነገር አይደለም፤ ግቢው ውስጥ አብስሎ የማያውቅ ካለ ይውጣና ይውቀሰኝ። እኔ ደግሞ ጎበዝ አብሳይ ነኝ። ዜሮ ብጽፍ ይነቃብኛል ብዬ ሁለት ሚሊ ሜትር ስህተት ትቼ ዘጋሁት።

እሷ ከሰዓት በኋላ በስብሳ መጣች። ጉሙ እስኪገለጥ ቆመው ጠብቀዋል። አሥራ አራት ሚሊ ሜትር ስታለች።

ቦታው ለኔ ሆነ። መምህሩ ስሜን ሲጠሩ ዞር ብላ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። ያም አናደደኝ። ሰው ሲሸነፍ ለወጉ እንኳ ፊቱን አያጠቁርም? ለእናቴ ደውዬ አቦምሳ ነኝ አልኳት። እልል አለችልኝ።

ከዚያ መምህሩ ልኬቴን ለግቢው ጥገና ክፍል ሰጡት። ከዶርሙ ጀርባ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ ሊቆፈር ነበርና፣ የቱ ጋ ምን ያህል ይቆፈር የሚለው በኔ ቁጥር ተሰላ። ይህንንም ነገሩኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። መሬቱ ደልዳላ ነው፣ ምንም አይመጣም ብዬ ዝም አልኩ። ሠራተኞቹ ሲቆፍሩ በመስኮት አያቸዋለሁ፤ ሌሊት ስገላበጥ አልጋው ይንቋቋል። ከታች እሷ ለጥ ብላለች።

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ትምህርት ላይ እያለን፣ ቆርቆሮውን የሚበሳ የሚመስል ዝናብ ወረደ። ስንመለስ ቦዩ ሞልቶ ውሃው መሄጃ አጥቶ ወደኛ ዞሯል። ለካ ያ በየሳምንቱ የምረግጠው መሬት መሃሉ ላይ ጎበጥ ያለ ነው፤ ቦዩ እዚያ ጋ ሲደርስ በበቂ አልተቆፈረም። ክፍላችን ምድር ላይ ስለነበር ውሃው ቁርጭምጭሚት ደርሷል። የኔ ዕቃ ሁሉ ላይኛው አልጋ ላይ ደርቆ ተቀምጧል። የሷ ሻንጣ ከታችኛው አልጋ ሥር ነበር።

ውሃውን በመጥረጊያ እየገፋን ስናስወጣ አፌ አላርፍ አለኝ። እነዚህ ጥገናዎች ቦይ እንኳ መቆፈር አያውቁም አልኩ። እሷ ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

«ያን ቀን ከኋላሽ ነበርኩ። ትራይፖድ እርጥብ መሬት ላይ ሲተከል ሦስት ቀዳዳ ይተዋል። እስከ ማማው ድረስ ያንቺን ቀዳዳዎች እያየሁ ነው የመጣሁት። ከዶርሙ ጀርባ አልነበሩም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ።»

ብትሰድበኝ እችለው ነበር፤ ስድብ መልስ አለው። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ጸጸት አልነበረም። ቅናት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ይህን በሆዷ ይዛ እንዴት እንቅልፍ ወሰዳት? እኔ ቁጥሩን የጻፍኩት እንቅልፍ አጥቼ፣ እሷ የተበደለችው ለጥ ብላ! መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

በነጋታው መምህሩ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ሁለት ሚሊ ሜትሯንም አንቺ ነሽ ያስቀመጥሻት? አዎ አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። የመስክ ውጤቴ ተሰረዘ፣ ክረምቱን ግቢ ቀርቼ ቦዩን እንደገና እንድለካ ተወሰነ፣ አቦምሳ ለሷ ሆነ።

ሻንጣዋ ውስጥ የነበረው ልብስ ጭቃ ጠጥቷል። የተረፈላት ደግሞ የበቆጂ ሹራብ ነው፤ አቦምሳ ላይ ይቀቅላታል። እኔ ጋ ዴራ የምለብሳት፣ አሰላ አንድ ቀን እንኳ ያልለበስኳት ስስ ሰማያዊ ሸሚዝ ነበረች። አውጥቼ ሰጠኋት። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ የማደርገው ጠፍቶኝ ነው። ሻንጣዋን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት እጇን አውለበለበች፤ እኔም አውለበለብኩ።

ቦዩን ልለካ ዕቃ ክፍል ስሄድ ሽማግሌው ያንን ትራይፖድ ከበሩ ኋላ አውጥተው ሰጡኝ። እሷ ናት ለኔ እንዲሰጡኝ አደራ ያለቻቸው። እግሩ እውነትም አይንሸራተትም።

ከዶርሙ ጀርባ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ሁለተኛውን ነጥብ ሳነብ ስልኬ ጮኸ። በቴሌግራም ፎቶ ልካልኛለች። አዲስ የተጠረገ ቀይ መንገድ ላይ፣ ቢጫ ሄልሜት አድርጋ፣ መሣሪያ አጠገብ ቆማለች። ከሥሩ ሙቀቱ ገደለኝ፣ ሸሚዝሽ ባትኖር አልቄልሽ ነበር ብላ ጽፋለች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ አድምቋታል። ፎቶውን አስፍቼ ፊቷን አለፍኩና የተጠቀለለውን እጅጌ አየሁ። የአቦምሳ አቧራ ይዞታል። እኔ ያልደረስኩበት ቦታ ደርሷል። እዚያው ጭቃው ውስጥ እንደቆምኩ በገዛ ሸሚዜ ቀናሁ።