ፓፍና ጾም በፉቁም መንገድ

ንጋት፣ ቢር ፈድል

ሱብሒ ሰግደን ስንወጣ የቢር ፈድል እርሻዎች ገና እርጥብ ነበሩ። ደሴ እያለሁ የየመኗን ኤደን ድንጋይና ጨው ብቻ አድርጌ ነበር የማስባት። እዚህ ግን የቲማቲም መደብ፣ የተምር ዛፍና ሲያጉረመርም የሚያድር የውሃ ሞተር አለ። ረመዳን ነው። ሰው ሱሑሩን በልቶ ተኝቷል፤ የነቃነው እኛና ዶሮዎቹ ብቻ ነን።

ሦስት ነን፦ እኔ፣ ታናሽ እህቴ ዘሀራ፣ እና ዘሀራ በሠራተኝነት የምታገለግላቸው ሐጃ ነፊሳ። ሐጃ ድሬዳዋ ተወልደው ኤደን ያረጁ የመናዊት ናቸው፤ አማርኛቸው አልዛገም። ፀሐይ ሳይበረታ ተነስተን ፉቁም መንደር፣ ዓሣ አጥማጅ ልጃቸው ቤት ልናፈጥር ነው።

ዘሀራ አስም አለባት። ሰማያዊውን ፓፍ ከደሴ ይዤላት መጥቻለሁ፤ የመኖች በኻኽ ይሉታል። ትናንት ስሰጣት ደስ አላት።

«ግን ጋሼ፣ ከመግሪብ በፊት አልነካውም» አለችኝ። «ጾሜን ያፈርስብኛል።»

ተከራከርኳት። ግን እህቴ ናት፤ ግትርነታችን ከአንድ ቤት የወጣ ነው።

ረፋድ፣ ሀሽሚ

ሸይኽ ዑስማን ሰፈር ያለው የሀሽሚ ገበያ በረመዳን ጠዋት ያንቀላፋል። የሱቆቹ መዝጊያ ወርዷል፣ የሰንቡሳው መጥበሻ ቀዝቅዟል። ነቅተው ያየኋቸው ወደ ሳውዲ የሚያቀኑ የአገሬ ልጆች ናቸው፤ የቀን ሥራ ፍለጋ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አማርኛችንን ሲሰሙ አንዱ ብድግ ብሎ የሐጃን ዘንቢል ወደ ፉቁም የሚሄደው ባስ ላይ ጫነላቸው። ፍራንክ ብሰጠው አልቀበልም አለ።

ባሱ እስኪሞላ ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ አሁንም ጠበቅን። ሹፌሩ ሳሊም ይባላል፤ ሐጃ ግን እንደ ጥንቱ የኤደን ሰው «ያ ድሬወል»፣ አንተ ሹፌር፣ ነው የሚሉት። ፊቱ ፈገግታ አያጣውም፤ በዚያ ሙቀት እኔ ፈገግ ልበል ብል እንኳ አቅሙ አልነበረኝም።

ከቀትር በፊት፣ የአሸዋው መንገድ

ከተማውን እንደለቀቅን ነፋስ ተነሳ። አሸዋው አስፋልቱን አቋርጦ በመስኮት ገባ። ሁላችንም አፋችንን ሸፈንን። ዘሀራ ግን መጀመሪያ አሳላት፤ ከዚያ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ፓፉን ከቦርሳዋ አውጥቼ ሰጠኋት። ራሷን ነቅንቃ እምቢ አለች።

ሳሊም በመስታወት አይቶ ባሱን ጥግ አስያዘ። «በኻኽ ጾም አያፈርስም፣ ሸይኻችን ነግሮናል!» አለ በዐረብኛ፤ ሐጃ ተረጎሙልኝ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተቆጡ፦ «ያፈርሳል! ግን ለታመመ ተፈቅዷል፣ ትሳብ!» ሁለቱም ሳቢ ነው የሚሉት። ዘሀራ ግን የሰማችው «ያፈርሳል» የምትለዋን ብቻ ነው። ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ። ፈራሁ፤ እህቴ እፊቴ ልትሞትብኝ ነው አልኩ።

ሐጃ አልተከራከሩም። ከሰላት በፊት ለመታጠብ፣ ለዉዱእ የያዝነውን የውሃ ጠርሙስ ከዘንቢሉ አወጡ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ሹፊ፣ እዪኝ» አሏት። «እርጅናዬ ፈቅዶልኝ እንኳ አንድም ቀን ፈትቼ አላውቅም። ዛሬ ግን ብቻሽን አታፈርሺም። ቀዷውን፣ የጎደለንን ቀን፣ በኋላ አብረን ጾመን እንከፍላለን።»

ቢስሚላህ ብለው ጠጡ። ዘሀራ እንባዋ መጣና እጇን ወደ ፓፉ ዘረጋች።

የሐጃ ሟች ባለቤት ሳንባቸውን ሲጋራ ጎድቶባቸው እስኪሞቱ ድረስ በዚህ ፓፍ ነው የኖሩት፤ ስለዚህ ሐጃ አያያዙን ያውቁታል። «ነቅንቂው። ትንፋሽሽን አውጪ። አሁን ተጫኚና ቀስ ብለሽ ሳቢ። ያዢው፣ ያዢው...» ትንሽ ቆይተው አስደገሟት።

ፉጨቱ ቀነሰ። ትከሻዋ ወረደ፣ ከንፈሯ ወደ መልኩ ተመለሰ። ከመዳፍ የማትበልጥ ነገር ሰው ስትመልስ በዓይኔ አየሁ፤ የፈጠሯትን ሰዎች እጅ መሳም አማረኝ። የሐጃን ግን እዚያው ሳምኩ። ሳሊም ሞተሩን አስነስቶ፣ የቀረውን መንገድ ሁሉ መስኮት አዘግቶ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ እያለ ነዳ።

መግሪብ፣ ፉቁም

ፉቁም ውብ መንደር ነች። ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ ተደርድረዋል፤ ከጀርባቸው ጥቁር ተራራ፣ ከፊታቸው ባሕር። የሐጃ ልጅ ያጠመደው ዓሣ ምድጃው ላይ ይንቸሰቸሳል። የመንደሩ ኢማምም ለማፍጠር መጥተዋል።

ዘሀራ ከአሸዋው መንገድ ወዲህ ምንም ሳትቀምስ ነው የዋለችው። ፓፉ ጾሟን አፍርሶት እንደሆነ ኢማሙን በዐረብኛ ጠየቀቻቸው። እንደ እሳቸው አስተያየት በኻኽ ምግብም መጠጥም አይደለም፤ ጾሟ አልፈረሰም።

ዘሀራ ደንግጣ ወደ ሐጃ ዞረች። እውነትም የእሷ ጾም ሙሉ ነው፤ የፈረሰው የሐጃ ብቻ ነው።

ሐጃ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። «አልሐምዱሊላህ! ያንቺ ተረፈልሽ።»

«ቀዷውን ሲጾሙ አብሬዎት እጾማለሁ፣ ሐጃ» አለች።

«በኻኹስ?»

«እይዘዋለሁ።»

«መያዝማ ዛሬም ይዘሽው ነበር» አሉ ተምሩን እየዘረጉላት። አዛን ተሰማ። ዘሀራ ግን ተምሩን ከመቀበሏ በፊት የሐጃን እጅ ያዘች።

«እስበዋለሁ፣ ሐጃ። ወላሂ እስበዋለሁ።»