ሹክሹክታ እስከ ኋላ ወንበር

የቲያትር ቤት አርክቴክቱ ሚስቱን ያገኛት በስድብ ነው። የመጀመሪያ አዳራሹ በተመረቀ ቀን አንዲት ሴት ከመጨረሻው ረድፍ ብድግ ብላ፣ «ኧረ እኛም ሰዎች ነን! ምንም አይሰማም እኮ! ይህን ቤት የሠራው ማነው?» ብላ ጮኸች። እፍረት ሊገድለው ደረሰ። ከሴትዮዋ ጋር ግን ሲከራከር ከርሞ አገባት፤ ምን ያድርግ!

ከዚያ ወዲህ የሠራው ቲያትር ቤት ሁሉ በእሷ ሳይፈተን አይመረቅም። እሷ መድረክ ላይ ቆማ በሹክሹክታ የፈለገችውን ትላለች፤ እሱ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰማውን ጮክ ብሎ ይደግማል። አንዴማ «ካልሲህ ተቀዷል» ብላው፣ ባለሥልጣናቱ ፊት ደግሟታል።

አሁን ሰውዬው ሸምግሏል፤ የዛሬው አዳራሽም የመጨረሻ ሥራው ነው። ጣሪያውን እንጨት ካላለበስኩ ብሎ ከመሐንዲሱ ጋር ሲናነቅ ከርሞ፣ በንዴት «የሚስቴ ሹክሹክታ ኋላ ካልደረሰ ጣሪያው ዛሬውኑ ይፍረስ!» ብሎ ሰው ሁሉ ፊት ማለ። ያኔ ምላሱን ቢቆርጠው ይሻለው ነበር። ይኸው ሠራተኞቹ ዲጂኖ ይዘው ጥግ ጥጉን ተቀምጠዋል።

እሱ ከሴት ልጁ ጋር መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሚስቱ መድረኩ ላይ ወጣች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ምንም የለም።

«ድገሚው!» አላት። ከንፈሯ እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ አሁንም ጭጭ። መሐንዲሱ ከወደ በሩ አፍጥጦ ያየዋል። በቃ፣ አለቀለት! «አፍርሱት» ሊል አፉን ሲከፍት፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ልጁ ላይ ዓይኑ አረፈ። በሁለት እጇ አፏን አፍና ትስቃለች። ዞር ቢል የሠራተኞቹም ትከሻ ይርገፈገፋል። መሐንዲሱ እንኳ ሳቁን ሊውጥ ይታገላል።

ከእሱ በቀር ሁሉም ሰምቷል።

ለካ ቤት ውስጥ ሚስቱን «ምን ያንሾካሹክሻል? ጮክ ብለሽ አውሪ!» እያለ ሲቆጣት የከረመው በከንቱ ኖሯል። ጣሪያው ተረፈ፤ ጆሮው ሄደ።

«ዲጂኖውን አስቀምጡ፤ ቤቱ ይከፈት። የደነቆርኩት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ወደ ልጁ ዘንበል ብሎ፣ «እናትሽ ምን አለች?» አላት።

ልጅቱ ጆሮው ሥር ጮክ ብላ ነገረችው፦ «'አንተ ግትር ሽማግሌ! ካልሰማኸኝ ጆሮህ ነው እንጂ ቤቱ ደህና ነው። ከዛሬ ጀምሮ ፊት ወንበር ተቀመጥ' አለችህ።»

ሽማግሌው ልጁን ተደግፎ ተነሣና፣ ዕድሜውን ሙሉ ወዳልተቀመጠበት ፊተኛው ረድፍ ወረደ።