ማተብ የሚያውሰው ደላላ

ቂርቆስ፣ ከሽንኩርት መደቤ ፊት ለፊት፣ አንድ የቤት ደላላ ይቆማል። ሰፊ ኮት ይለብሳል፤ በቀኝ ኪሱ ጥቁር የማተብ ክር፣ በግራው ነጭ የሙስሊም ኮፍያ ይይዛል። በፋሲካም በአረፋም ከሁሉ ቀድሞ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው እሱ ነው። ተከራይ ከመውሰዱ በፊት የአከራዩን ሃይማኖት ያጣራል፤ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም።

ባለፈው አንዲት ነርስ መጣች። ካዛንቺስ የምትኖርበት ቤት ሊፈርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ሦስት አከራዮች ደግሞ አንገቷን አይተው መልሰዋታል።

ደላላው ክር አወጣ። «እህቴ፣ ይቺን እሰሪ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ጴንጤ ነኝ።»

«እሱን ጌታ ያውቀዋል። አከራይዋ እትዬ አሰገደች የሚያውቁት አንገት ነው።»

መሬት መሬት እያየች አሰረችው። ከሰዓት በኋላ ቁልፍ ይዛ አለፈች። በማግስቱ አከራይዋ እትዬ አሰገደች ሽንኩርት ሊገዙ መጥተው፣ «ገና ሳያት ልቤ ነገረኝ፤ የእኛው ልጅ ናት» አሉኝ። ለካ ልብም ክር አይቶ ነው የሚናገረው።

እሳቸው ሲሄዱ ደላላውን «አንተስ ከየትኛው ወገን ነህ?» አልኩት።

ግራ ቀኙን አየ።

«ቀስ በይ እባክሽ፣ እኔም እኮ ተከራይ ነኝ።»